አራቱን ምስክሮች ጎን ለጎን ያነበቡት መምህር ኦይታ ዳልጮ (1931–1984 ዓ.ም.)

መምህር ኦይታ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ደበሌ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማሚቱ ደግፌ በ1931 ዓ.ም. ኦቾሎ ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። መምህር ኦይታ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1953 ዓ.ም. ላንቴ በመምህርነት ተቀጠሩ፤ እሁድ እሁድም በጸሎት ቤት ቃሉን ያስተምሩ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሉሊት አበጋዝ ጋር ትዳር መሠረቱ። ልጅ አልወለዱም።

ወ/ሮ ሉሊት በ1968 ዓ.ም. በወባ ዐረፉ። የመጨረሻ ቃላቸውን የወ/ሮ ሉሊት እናት አንድ ዓይነት፣ መምህር ኦይታ ሌላ ዓይነት አስታወሱት። ሁለቱም አልጋው አጠገብ ነበሩ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ይህ ነገር ከመምህር ኦይታ ልብ አልወጣም። ደብተራቸውን በአራት ዓምድ ከፍለው አራቱ ወንጌላት የጌታን ሕይወትና ሞት እንዴት እንደሚተርኩ ጎን ለጎን መጻፍ ጀመሩ። በአንዱ ጌታ እንደተተወ ሰው ይጮኻል፤ በሌላው ነፍሱን ለአባቱ በአደራ ይሰጣል። ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች ቁጥርም አንድ አይደለም። መምህሩ ሁሉንም እንዳለ ጻፉት።

በ1971 ዓ.ም. የጸሎት ቤቱ ታሽጎ ምእመናን በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። በ1973 ዓ.ም. ሴቻ በተደረገ ስብሰባ መምህር ኦይታ ከደብተራቸው አነበቡ። የምእመናኑ ሽማግሌ አቶ ሀይሌ፣ “ወንድም ኦይታ፣ ሕዝቡ በተጨነቀበት ሰዓት ይህን ባያነሱት” አሏቸው። እሳቸውም፣ “ጌታ እንዲህ አድርጎ የተወልንን እኔ እንዴት ላቃናው?” ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ወደ ስብሰባው አልተጠሩም።

ወሬው ካድሬዎች ጆሮ ደረሰ። ደብተሩን ወስደው፣ ሃይማኖት ሐሰት ለመሆኑ ማስረጃ ነው ብለው በቀበሌው ስብሰባ ላይ እንዲያነቡት አዘዟቸው። መምህር ኦይታ ተነሥተው፣ “ልዩነቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው ብዬ ግን አልጻፍኩም” አሉና ተቀመጡ። አሥራ አራት ወር ታሰሩ፤ ከመምህርነታቸውም ተሰናበቱ።

በ1975 ዓ.ም. ሲፈቱ፣ የእምነት ወንድሞቻቸው ደብተሩን ወደው ያስረከቡ፣ የተፈቱትም በዚያ ውለታ መስሏቸው ሸሿቸው። መምህር ኦይታ ላንቴ ውስጥ ሙዝ እየተከሉ ብቻቸውን ኖሩ። ገበያ ላይ ሰላምታ የሚነሷቸው ነበሩ። እሑድ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡ እንደነበር ጎረቤቶቻቸው ይናገራሉ።

በ1981 ዓ.ም. የቀበሌው ጸሐፊ የነበሩት አቶ ተክለሃይማኖት በዚያ የቀበሌ ስብሰባ መምህር ኦይታ ሲናገሩ የሰሙትን ለአቶ ሀይሌ ነገሯቸው። አቶ ሀይሌ በማግሥቱ ላንቴ ወርደው ይቅርታ ጠየቁ።

“ለምን አልነገሩንም?” አሏቸው።

“የጠየቀኝ አልነበረም” አሉ መምህር ኦይታ።

ይቅርታውን ተቀበሉ፤ ወደ ስብሰባው ግን የተመለሱት ጥቂት ጊዜ ነው። ከሰው መካከል መቀመጥ ከብዷቸው ነበር።

መምህር ኦይታ በጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 11 ቀን 1984 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። እህታቸውን ወ/ሮ ማርያም ዳልጮን እና ይህን ታሪክ ያዘጋጀሁትን የእህታቸውን ልጅ አስቴርን ትተው ሄደዋል። እኔም ሰው በሸሻቸው ስድስት ዓመታት ከሴቻ ወርጄ የጠየቅኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

እኛ የነፈግናቸውን ጉባኤ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ይስጣቸው። እኛንም ይቅር ይበለን።