አርባ አምስት ዓመት ጎርሶ የቆየ ጠመንጃ

ለወንድሜ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሳሉ ለቆህ፣ እንቅልፍህም ተመልሶልህ ቢሆን ደስታዬ ነው። ልጅህ በመጋቢት በጻፈችልኝ ደብዳቤ ጉልበትህ ደረጃ መውጣት እንዳስቸገረህ ነግራኛለች። ሐኪም አየህ ወይስ እንደ አባታችን ተርፔንታይን ቀብተህ ዝም አልክ? እሷና ልጆቿስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ሰባ አራት ዓመት ሞላኝ፤ መነጽሬ ከመወፈሩ በቀር ከበፊቱ ብዙ አልተለወጥኩም። ከቤቱ ጀርባ ያለው የፖም ዛፍ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ለኬክ የሚሆነውን ቆርጬ ጣሪያ ላይ አስጥቻለሁ።

የምጽፍልህ ጠመንጃህ ስለተጠገነ ነው። በጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ለሚደረገው ውድድር መጥተህ እንድትተኩስበት እፈልጋለሁ። ከመወሰንህ በፊት ግን ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ካወቅኸው በኋላ ላትመጣ ትችላለህ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠመንጃው አባታችን ያን ቀን ከእጅህ ነጥቆ ከወርክሾፑ በር በላይ በሰቀለበት ሚስማር ላይ ነበር። እሱ ከሞተም በኋላ አላወረድኩትም። ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ስገባ ውሃው ጠመንጃው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ሁለት ክረምት ሙሉ በሞረድ የሠራኸው የናስ ክዳን አረንጓዴ ሆኗል። ብረቱን አልነግርህም። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ዴልማር ዘንድ ወሰድኩት።

ዴልማርን ሳታስታውሰው አትቀርም፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው፤ አምስተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። አሁን በሳምንቱ ቀናት ፖስታ ያድላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮዎቹ በባልጩት የሚተኩስ ጠመንጃ ይሠራል። ብርድ ልብሱን ሲገልጠው፣ «እትዬ፣ ምን ቢበድልዎት ነው እንዲህ የቀጡት?» አለኝ። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ አልኩት።

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ባዶ ይሁን አይሁን በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ የራሱን መጎስጎሻ ዘንግ እስከ መጨረሻው ከተተና አፈሙዙ ጋ የደረሰበትን በአውራ ጣቱ ይዞ አወጣው። ከብረቱ ጎን ከውጭ ሲያስተኛው አንድ ጣት ያህል ጎደለ። ደግሞ ለካ።

«ጎርሷል» አለ። «አረር አለው፤ ባሩድ ግን የለውም። ባሩድ ቢኖር አረሩ ከዚህ ከፍ ብሎ ይቀመጥ ነበር።»

እንዲያወጣው ለመንኩት። ሦስት ቀን ዘይት አጠጣነው። በአራተኛው ቀን የዘንጉ ጫፍ ላይ ጠመዝማዛ ሚስማር አስሮ አረሩ ውስጥ ሰረሰረው፤ እኔ ሰደፉን አቅፌ ይዤ እሱ ላም እንደሚያዋልድ ሰው እያቃሰተ ጎተተ። አረሩ ከነጨርቁ ወጣ። ጨርቁ ላይ የእናታችን ትራስ ሰማያዊ መስመር አሁንም ይታያል።

ዴልማር ማን እንዳጎረሰው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። «አንዲት አራት ነጥብ ብረሳ ምሳዬን ያስቀሩብኝ ሴትዮ! ሃምሳ ጊዜ ያስጻፉኝ! ለካስ እርስዎም ይረሳሉ?»

የዘይቱን ጨርቅ አቀብለኝ አልኩት። ፊቴን አየና ሳቁን ተወ። ጨርቁን አቀበለኝ።

ከአርባ አምስት ዓመት በፊት በዚያ ውድድር ቀን አንተና ከሃርላን ከተማ የመጣው ሰውዬ እኩል ወጥታችሁ አንድ ተኩስ ቀርቷችሁ ነበር። ለሽልማት የታረደው በሬ የኋላ ብልት ለአሸናፊው፣ ቆዳና ሞራው ለአምስተኛው፣ ከዒላማው ኋላ ባለው ዛፍ ውስጥ የተቀበረው የአረር እርሳስ ደግሞ ለስድስተኛው ነበር፤ አሁንም ደንቡ አልተለወጠም። ሥራህን ሊያይ የመጣው የፔንሲልቬንያው ጠመንጃ ሠሪ ትከሻህን ይዞ ወደ ጎን ወሰደህ። አንተም ሁልጊዜ እንደምናደርገው አባታችን ከማያየን ቦታ፣ ከጭነት መኪናው ኋላ ጠመንጃውን ሰጠኸኝ። የሴት እጅ እንዳይነካው ያዘዘውን ታውቃለህ፤ ማጎረስ ግን ከአንተ ይልቅ ለእኔ እንደሚሆንልኝም ታውቃለህ። «ቶሎ በይ» ብለኸኝ ሄድክ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ በላይ ታስታውሳለህ። ከግንዱ ኋላ ተኝተህ ምላጩን ሳብክ። ከጎኑ አንተ የጨመርክበት ማቀጣጠያ ባሩድ ቦግ ብሎ ጢስ ሆነ፤ ጠመንጃው ግን አልጮኸም። ሁለተኛም እንዲሁ። አባታችን መጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ዘንጉን ከተተና ለካ። ባሩድ የሚረሳ ሰው እንኳን ጠመንጃ ሊሠራ ማንኪያም አይያዝ አለህ። ሰዉ ሳቀ፤ የፔንሲልቬንያው ሰውም ሳቀ። አንዲት ቃል ብትናገር ስድቡ ወደ እኔ ይዞር ነበር። አልተናገርክም። ሐሙስ ዕለት ቤቱን ልትለቅ ሻንጣህን ይዘህ በሩ ላይ ስንለያይ፣ «አይዞሽ፣ ማንም ይረሳል» አልከኝ። በየገናው በምትልክልኝ ካርድም ያንኑ እንዳልክ ነው የማነብበው፤ ባትጽፈውም።

አርባ አምስት ዓመት ይቅር ያልከኝ ስለ መርሳቴ ነው። እኔ ግን የባሩዱን ቀንድ ከፍቼ ነበር። መስፈሪያውን እስከ አፉ ሞላሁት። ከመኪናው ወዲያ የሰውዬው ድምፅ ይሰማኛል፤ ይህቺን ተኩስ ዒላማው ላይ ካገባህ ሰኞ ለሥራ አብረኸኝ ትሄዳለህ ይልሃል። አንተም ያን ሳቅህን ሳቅህ። እናታችን ከሞተች ገና ሰባት ወሯ ነበር፤ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ አንተና አባታችን ነበርን። መስፈሪያውን መልሼ ቀንዱ ውስጥ ገለበጥኩት። ከዚያ ጨርቁን ቀባሁ፤ አረሩን አስቀመጥኩ፤ ጎሰጎስኩ። ጠመንጃውንም መልሼ ሰጠሁህ።

ይኸው ነው። ሌላ ቃል ልጨምርበት ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ እውነቱን የሚያሻሽል ቃል ስላላገኘሁ እንዲሁ ተውኩት።

ከሚያዝያ ጀምሮ ቅዳሜዬ ሁሉ የዴልማር ጠረጴዛ አጠገብ ነው ያለፈው። ስንጥቁን በቆዳ ማጣበቂያ ዘጋሁት፤ ዴልማር ስንጥቁ የት እንደነበር እንዳሳየው ጠይቆኛል። የጠመንጃው ዘንግ በስብሶ ስለነበር ከሂከሪ እንጨት አዲስ ፈለጥኩ፤ ሁለቱ ጠማማ ወጡ፤ ሦስተኛው ሆነልኝ። አዲሱ ዘንግ ላይ ሁለት መስመር በቢላ ቆርጫለሁ፤ አንዱ ባዶ ሲሆን፣ አንዱ በትክክል ሲጎርስ። ናሱን በአመድ አበራሁት። ሰደፉን ሦስት ጊዜ ዘይት አጠጥቼ ሦስት ጊዜ ፈገፈግኩ፤ ዴልማር አራተኛውን ከለከለኝ፤ «እትዬ፣ ጠመንጃ ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን ፒያኖ አይደለም» ይላል።

በነሐሴ ወደ ሜዳው ይዘነው ወጣን። አሁን ሴቶች ይተኩሳሉ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። በስልሳ እርምጃ ላይ በእሳት ያጠቆርኩትን ሳንቃ አቁሜ መስቀል ቧጨርኩበት። የመጀመሪያው ተኩስ አራት ጣት ወደ ግራ ሄደ። ሁለተኛው ሁለት ጣት። እንዴት እንደሚጮህ ብትሰማው! የሠራኸው ነገር ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ እስከዚያ ቀን አልገባኝም ነበር፤ አንተም ሥራው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ነው ትተኸው የሄድከው። ወደ ግራ የሚስበው ማነጣጠሪያው ሳይሞረድ ስለቀረ ነው፤ ያን ቀን አንተ ወደ ቀኝ እያካካስክ ነበር የተኮስከው። ዴልማር ላስተካክለው አለኝ፤ አይሆንም አልኩት። እሱ የሠሪው ሥራ ነው።

ስምህን መዝገቡ ላይ አስጽፌያለሁ። ባትመጣ ቅር አይለኝም፤ ጠመንጃውን በጥሩ ሣጥን አሽጌ እልክልሃለሁ፤ የአንተ ነው። ብትመጣ ግን የታችኛው ክፍል አልጋ ተነጥፏል፤ ደረጃ የለበትም። ሞረድህ በመሳቢያው ውስጥ አለ። ሜዳው ላይ ባሩዱን ራስህ ስፈር። እኔ ተመልካቹን ከሚከልለው ገመድ ወዲህ፣ ከምታየኝ ቦታ፣ ሁለት እጄን ገመዱ ላይ አድርጌ እቆማለሁ።

ጌታ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ልጅህንና ልጆቿን ይጠብቅልህ፤ መንገዱንም፣ የምትመጣ ከሆነ፣ ቀና ያድርግልህ።

እህትህ