ወይራው ሥር የቆምህበት ምክንያት

አያሌው የኔ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰላምታ ሳላበዛ ወሬውን ልንገርህ፤ ስምህን በቁምህ ቀብሮ ተዝካርህን ከሁሉ ቀድሞ የበላው ሰው ሁሉ ደህና ነው። ጎረቤታችን ጥሩነሽም ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን አንድ ቀን እንኳ አሟት አያውቅም።

ቤቱ እንዳየኸው ነው። የፈረሰውን ግድግዳ አስለሰንሁት፣ ጥቁሯ ላም ወለደች፣ መቋሚያህ ምሰሶውን ተደግፎ አለ። ልጅህ መሠረት ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሞላት። የምጽፍልህ ስለ እርሷ ነው፤ ብታፍርብኝም ስለ እኔም ነው።

አንተ መሪጌታው ማኅሌቱን በመሀል ጥለህ መውጣት የጀመርህ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ፊትህ አመድ መስሎ፣ ላብህ ነጠላህን አርሶት ትወጣና ከደጁ ወይራ ሥር ትቆማለህ። በኋላማ ጭራሽ መግባቱን ተውህ። በእኛ አገር ደግሞ ጤነኛ ሰው ከደጅ ከቆመ ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም፤ ንጽሕና ጎድሎት ነው ይባላል። መሪጌታ ሲሆንማ ለወሬኛ ሠርግና ምላሽ ነው። ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን መመላለስ ስትጀምር ጥሩነሽ ውሽማህን ከነሰፈሯ አወቀቻት። የዋሻው አፍ ሰፊ ነው፣ ሰማይ ይታያል፣ እዚያ ሳይጨነቅ መቆም ይችላል ብሎ ለማሰብ ማን ጊዜ ነበረው? ሴት መፍጠር ይቀላል።

እኔስ? እኔ ከእነሱ ብሼ ነበር። እነሱ ያሙህ ከጀርባህ ነው፤ እኔ መኝታህን ለይቼ፣ ፊት ለፊት ንስሐ ግባ አልሁህ። አንድ ቀን አውድማ ላይ ገብስ ስናበራይ እንደ ምንም ብለህ ነገርኸኝ። ሰው ሲበዛ ልብህ እንደሚደልቅ፣ ትንፋሽህ እንደሚያጥር፣ ቋጥኙ እየተጠጋ የሚዘጋብህና አሁኑኑ የምትሞት እንደሚመስልህ። ሳቅሁ። ከአለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አድጎ የሸበተ ሰው ድንጋይ ፈራሁ ይለኛል ብዬ ሳቅሁብህ። መንሽህን አንሥተህ ሥራህን ቀጠልህ፤ ሁለተኛም አላነሣኸውም። ሦስት ዓመት እንደናቅሁህ የሳንባ ምች ወሰደህ።

ከሦስት ወር በፊት፣ በማርያም ዕለት፣ መሠረት ከቅዳሴው መሀል ደረቷን ይዛ እየተንገዳገደች ወጣች። ተከትያት ስወጣ ያ ሁሉ አዋቂ ቀድሞኝ ከቧታል። ጥሩነሽ ክብሪት ጭራ ጢሱን አፍንጫዋ ሥር ትይዛለች፤ አንዱ ጠበል ፊቷ ላይ ይረጫል፤ ሌላዋ ቡዳ ነው፣ ማን እንደበላት ትናገር እያለች ትጮሃለች። ትንፋሽ ላጠራት ልጅ ጢስ! አዋቂዎቻችን እነዚህ ናቸው። መሠረት ግን ከመሀላቸው አምልጣ ወይራውን ተደገፈች። ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ ወደ ግራ፣ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ መወዛወዝ፣ አየሩንም ረዘም አድርጋ ማስወጣት ጀመረች። አያሌው፣ አንተን ነበር ያየሁት። እዚያው ቦታ መቋሚያህን ተደግፈህ ስትወዛወዝ ስንት ጊዜ አይቼ ኃጢአቱ ከብዶት ነው ብያለሁ።

በኋላ ነገረችኝ። ልጅ ሳለች አባትሽን ጥሪ ብዬ ስልካት፣ ወይራው ሥር አግኝታህ ያስተማርሃት አንተ ነህ። በዝማሜው ልክ፣ ካህናቱ በዝግታ እንደሚወዛወዙት፣ ማስወጣቱን ከማስገባቱ አስረዝሚ፤ ያልፋል፣ ሁልጊዜም ያልፋል ብለሃት ነበር። ለሚስትህ ብትነግር ተሳቀብህ፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብትነግር ገባት።

ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ልቧን መርምረው ደህና ነው አሉ። ነርሷ ድንገት የሚነሣ ኃይለኛ ፍርሃት መሆኑን፣ እንደሚያስጨንቅ እንጂ እንደማይገድል አስረዳችኝ። ሲነሣባት ሰው አታስከብቢ፣ አጠገቧ ተቀመጪ፣ በዝግታ አናግሪያት፣ አብረሻት ተንፍሺ፣ ካለፈም በኋላ አትቆጫት አለችኝ። መሠረትም በየወሩ እየሄደች ታነጋግራታለች። ይኸው ነው እንግዲህ። አንድ ሰው አጠገብህ መቆም ነበረበት፤ ያንን ነፍገን ፍርድ ሰጠንህ።

ጥሩነሽ ግን ታርፋለች? ልጅቱ ከደጅ ስትቆም አይታ ዘር ከልጓም ይስባል ብላ አስወራች። እንደ አባቷ ናት፣ ንጽሕና የላትም ማለቷ ነው። መሠረትም ሰምታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም አለች። አንተን ያየሁበት ዓይን በልጄ ላይ ሲዞር ያን ጊዜ አየሁት።

ያለፈው እሑድ እጇን ይዤ ወጣሁ። ልግባ ብል የሚከለክለኝ ነገር አልነበረም፤ ግን አልገባሁም። ከልጄ ጎን ወይራው ሥር ቆምሁ። ጥሩነሽ ስታልፍ ዓይኗን ማመን አቃታት። በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ምን ሠርቼ ከደጅ እንደቀረሁ ፈልጋ ትድረስበት፤ እኔም ለመስማት ጓጉቻለሁ። ቅዳሴው እኩሌታ ሲደርስ የመሠረት ትንፋሽ ማጠር ጀመረ። አብሬያት ተነፈስሁ። አለፈ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝ እውነትህን ነው። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። እንደማልረሳው ግን ቃሌ ነው፤ በየእሑዱ እዚያው ነኝ፤ ከአንተ ጋር ያልቆምሁትን ሁሉ እቆመዋለሁ።

አውድማው ላይ የሳቀችብህ ሚስትህ፣
አለሚቱ