የአባት ስም ሳይጠይቁ ደም የማይሰቅሉት የሲስተር ካሊሮይ ጋራቬላ ዕረፍት፦ ከደም መስጫ ክፍል ነርሶች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫና እርማት

በፕላታኖሬማ ከተማ የአግያ ፎቲኒ ሆስፒታል የደም መስጫ ክፍል ነርሶች ማኅበር፣ ክፍሉን ለሠላሳ አምስት ዓመታት ያገለገሉት የፓንቴሊስ ልጅ ሲስተር ካሊሮይ ጋራቬላ ሰኞ ኖቬምበር 18 ቀን 2024 በስልሳ አምስት ዓመታቸው ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው።

ማኅበሩ ስለዚህ ሞት ሲጽፍ ይህ ሁለተኛው ነው። ማክሰኞ ጠዋት በሆስፒታሉ በርና በመንገድ ምሰሶዎች ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ የሟችን የአባት ስም አልያዘም ነበር። በከተማችን በአንድ አያት ስም የተጠሩ ሁለት ካሊሮይ ጋራቬላዎች አሉ። በዚህ ምክንያት አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች አበባ ይዘው ወደ ሟች የአጎት ልጅ፣ ወደ ስቴርጊዮስ ልጅ ቤት ሄደዋል። በሩን የከፈቱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። «እኔ እስካሁን አልሞትኩም» ብለው አስገቧቸው። ቀጥለውም «እሷ ብትሆን የማንን ልጅ እንደምትፈልግ ሳታጣራ በር አታንኳኳም ነበር» አሉ። ማኅበሩ ይቅርታ ጠይቋል። ወቀሳውንም ተቀብሏል።

ይህ መግለጫ ሌላም እርማት ይዟል። እርማቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ለክፍላችን ስለተሰጠው ሽልማትና ሽልማቱ ስለሚገባው ሰው ነው። በቦታው ይነገራል።

ሲስተር ካሊሮይ በክፍሉ የተቀጠሩት በ1984 ነው። ክፍሉ ያን ጊዜ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለ ስድስት አልጋ ብቻ የያዘ ምድር ቤት ነበር። ታማሚዎቹ ታላሴሚያ የተባለውን የደም በሽታ ከእናትና ከአባታቸው የወረሱና በየሦስት ሳምንቱ ደም ካላገኙ መቆም የማይችሉ ሕፃናት ነበሩ። የታላቁ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በትናንትናው ዕለት ያወጣው መግለጫ ሟችን «የቤታችን ፍሬ» ሲል ጠርቷቸዋል። ሲስተር ካሊሮይ በዚያ ሆስፒታል ለሥልጠና የቆዩት አሥራ አንድ ሳምንት መሆኑን ማኅበሩ ሳይጠቅስ ማለፍ አይችልም።

ሥራቸው ለማየት ቀላል ነበር። ደሙ ከመሰቀሉ በፊት ትኩሳት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይለካሉ። ደሙ መውረድ ሲጀምር ወንበር ስበው ከታማሚው አጠገብ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጣሉ። ስልክ አያነሱም፣ ካርድ አይጽፉም፤ ፊቱን ብቻ ያያሉ። ችግር ካለ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው ይሉ ነበር። የማን ደም ሥር በየትኛው ክንድ እንደሚገኝ ጽፈው አያውቁም። ጣታቸው ያውቀዋል።

በ1991 በማስታወሻ ደብተራቸው አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ስሙን ራሱ ይናገር። የአባቱንም።» በእኛ አካባቢ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአያቱን ስም ይወስዳል። ስለዚህ አንድ አያት ያላቸው ሦስት የአጎት ልጆች ስማቸውም የቤተሰብ ስማቸውም አንድ ሆኖ ያድጋሉ። በሽታውም በዘር ስለሚሄድ በአንድ ቀን አብረው ደም ሊወስዱ ይመጣሉ። ሲስተር ካሊሮይ «አንተ የእገሌ ልጅ ነህ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ የደከመ ሰው ለሁሉም አዎ ይላል። አፍ አውጥቶ እንዲናገር ይጠብቃሉ። ከታማሚዎቹ አንዱ አንድ ቀን «ሲስተር፣ አባቴ እኮ ትናንት እርስዎ ቤት ነው እራት የበላው» ብሏቸው ነበር። «እሱንማ አውቃለሁ። አንተ ንገረኝ» አሉት። ክፍሉ ሳቀ። እኛም ስቀናል፤ ደንቡን ግን የእሳቸው አመል ነው ብለን ትተነው ነበር።

ማኅበሩ አሁን የሚጽፈው ስለራሱ ነው። በ2003 ዘጠኝ ነርሶች ፈርመው ለሆስፒታሉ አስተዳደር ደብዳቤ አስገቡ። ደብዳቤው «የታማሚዎች ከልክ ያለፈ መላመድ ለሥራ አይመችም» ይልና ታማሚዎቹ ደም የሚወስዱባቸው ወንበሮች ለየነርሷ ተከፋፍለው በቋሚነት እንዲሰጡ ይጠይቃል። ቅጂው በማኅደራችን አለ። እውነቱ ይህ ነበር፦ ታማሚዎቹ የተራ ሰሌዳውን እያዩ ሲስተር ካሊሮይ የሚገቡበትን ቀን ይመርጡ ነበር። የእኛ ቀን ሲሆን አንዱ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ሌላዋ የአክስቷ ልጅ ታገባለች። ለእሳቸው የሚዘረጋው ክንድ ለእኛ ሲሆን ወደ ኪስ ይገባል። ቀንተን ነበር። ለደብዳቤው የሰጠነው ምክንያት ሌላ ነው፤ የጻፈው ግን ቅናታችን ነው። ሲስተር ካሊሮይ ደብዳቤውን አንብበው የደረሷቸውን ሁለት ወንበሮች ተቀበሉ።

ማርች 9 ቀን 2006 የደረሰውን የምንዘረዝረው የዛሬዋ የማኅበሩ ሰብሳቢ ሲስተር ኤርሚዮኒ ሩቫሊ ስለጠየቁና ታማሚውም ስለፈቀዱ ነው። ያን ዕለት አራተኛው ወንበር የሲስተር ኤርሚዮኒ ነበር። በወንበሩ የተቀመጡት አቶ አፖስቶሊስ ቱሊያስ ናቸው። በዚያው ጠዋት የአጎታቸው ልጅ፣ ሌላው አፖስቶሊስ ቱሊያስ፣ ደም ሊወስዱ መጥተው በመተላለፊያው ተራ ይጠብቁ ነበር። የአንደኛው የደም ዓይነት ኦ፣ የሌላኛው ኤ ነው። ሲስተር ኤርሚዮኒ ታማሚውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ እንደ ሲስተር ካሊሮይ ሁሉ እሳቸውም እንደሚቀርቧቸው ለማሳየት ፈለጉ። «አንተንማ አልጠይቅህም» አሏቸው፤ «እኔና አንተ እንተዋወቃለን።» ሁለተኛዋ ነርስ የከረጢቱን ቁጥር ከካርዱ ጋር አስተያየች፤ ተስማማ። ካርዱም ከረጢቱም የአንድ ሰው ነበሩ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ግን ሌላው ነበር።

ደሙ መውረድ በጀመረ በአራተኛው ደቂቃ አቶ አፖስቶሊስ ወገባቸውን እንዳመማቸው ተናገሩ፤ ብርድ ብርድም አላቸው። ሲስተር ኤርሚዮኒ መስኮቱን ሊዘጉ ተነሱ። ከአምስተኛው ወንበር አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ሲስተር ካሊሮይ ዞር ብለው «የአባትህ ስም ማነው?» አሏቸው።

«ሚልቶስ።»

ካርዱ ላይ የተጻፈው ዚሲስ ነበር። ሲስተር ካሊሮይ የደሙን መስመር ዘጉ፣ ቱቦውን ነቅለው በአዲስ ቱቦ ጨው ያለው ፈሳሽ ሰቀሉ፣ ሐኪም አስጠሩ፣ ከረጢቱን ለምርመራ ወደ ደም ባንክ መለሱ። አቶ አፖስቶሊስ አሥር ቀን ተኝተው ኩላሊታቸው ሳይጎዳ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ሲስተር ካሊሮይ የዚያኑ ዕለት በጻፉት ሪፖርት የሆነውን በደቂቃ ለይተው አሰፈሩ፤ ማንንም አልሸፈኑም፣ ማንንም አልሰደቡም። በመጨረሻው መስመር የአባት ስም ጥያቄ ለሁሉም ነርሶች ደንብ እንዲሆን ጠየቁ።

ደንቡ በ2007 ጸደቀ። ሰነዱ ላይ አርቃቂ ተብለው የሰፈሩት በዚያ ዓመት የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ሲስተር ኤርሚዮኒ ናቸው። በ2011 የክልሉ ጤና ቢሮ ደንቡን ሲሸልም የሽልማቱ ሰሌዳ በእሳቸው ስም ተቀርጾ መጣ። ሲስተር ካሊሮይ ወደ ሥነ ሥርዓቱ ተጠርተው የወንበራቸው ቀን መሆኑን ገልጸው አልሄዱም። ዘጠኛችንም እናውቅ ነበር። አንዳችንም አላረምንም። ክንዶቹ ሁሉ ለእሳቸው ተዘርግተው ሽልማቱም ለእሳቸው እንዲሆን አልፈለግንም።

ሲስተር ካሊሮይ በ2019 በጡረታ ተሰናበቱ። በ2023 መቅኔያቸው ደም ማምረት አቆመና ወደ ክፍሉ በታማሚነት ተመለሱ። የሀፍረት ነገር ቢሆንም እንጽፈዋለን፦ መርፌውን ማን ያስገባላቸው የሚለው እንደገና አጣላን። ጠቡን የፈቱት ራሳቸው ናቸው። የተራ ሰሌዳውን አስመጥተው ለእያንዳንዳችን እኩል ቀን ጻፉ። ከዚያ በኋላ አንዳችንም የሌላዋን ተራ ሳንቆጥር የዋልንበት ቀን የለም።

በዚህ ዓመት ሴፕቴምበር ወር ተራው የሲስተር ኤርሚዮኒ ሆነ። ደሙን ይዘው ቀርበው «ሲስተር፣ ስምዎትን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» አሏቸው። ሲስተር ካሊሮይ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩና «አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀብሽ» አሉ። ሲስተር ኤርሚዮኒ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በአሥራ አምስቱ ደቂቃ ውስጥ ስለ ሰነዱና ስለ ሰሌዳው ሁሉንም ተናገሩ። የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ጽፈሽ ለጥፊው።»

ሲስተር ኤርሚዮኒ ጽፈው ነበር፤ ሳይለጥፉት ሁለት ወር አለፈ። አሁን ተለጥፏል። በዚህም መሠረት የአባት ስም ደንብ ሐሳብ አመንጪም አርቃቂም ሲስተር ካሊሮይ ጋራቬላ መሆናቸውን ማኅበሩ ያስታውቃል። የሽልማት ሰሌዳውን ሲስተር ኤርሚዮኒ ትናንት በእጃቸው አውርደዋል። በቦታው የ1991ዱ የማስታወሻ ገጽ ይሰቀላል።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በአግያ ፎቲኒ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ዕለቱ የደም ቀን ስለሆነ ክፍሉ አይዘጋም፤ ዘጠኝ ታማሚዎች ጠዋት ደማቸውን ይወስዳሉ። ሬሳውን ማን ይሸከም በሚለው ላይ ማኅበራችንና የታማሚዎች ማኅበር ሁለት ጊዜ ተሰብስበዋል። እኛ የሥራ ባልደረቦች ነንና ይገባናል አልን። እነሱ «እናታችን ናት» አሉ። ይህን ቃል በመግለጫቸውም ጽፈውታል፤ ስናነበው መቅናታችንን አንደብቅም። በመጨረሻ ግን ለቀቅን። ሐሙስ ጠዋት ደም የሚወስዱ ስድስት ታማሚዎች ይሸከማሉ። ከፊት የሚቆሙት ሁለቱ አፖስቶሊስ ቱሊያሶች ናቸው፤ በቀኝ የዚሲስ ልጅ፣ በግራ የሚልቶስ ልጅ። እኛ ከኋላ እንሄዳለን።

ለአጎታቸው ልጅ፣ ለስቴርጊዮስ ልጅ ለወይዘሮ ካሊሮይ፣ ክንዳቸውን ለሰጧቸው ታማሚዎች ሁሉና ለባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

ስለ ማኅበሩ፣
ኤርሚዮኒ ሩቫሊ
የአባት ስም፦ አሪስቲዲስ