መርከብ ላይ ያለው ጾመኛ

ውድ ሙሳዒድ፣

መርከባችሁ ወደብ ሲደርስ ይህ ደብዳቤ ቀድሞ ይጠብቅሃል። በስልክ ያልጠየቅሁህ ልጆቹ ከጎኔ ስለማይጠፉ ነው፤ ደግሞም በስልክ ስትስቅብኝ እረታለሁ።

ባለፈው ዓርብ ከኢፍጣር በፊት በቪዲዮ ስትደውል አፍህ ውስጥ ምን ነበር? እዚህ ዲርቦርን ገና አዛን አላለም ነበር። ከኋላህ በመስኮቱ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ቦግ ብላ ትታያለች። አንተ ጉንጭህን ወጥረህ፣ "በርቱ ልጆች! እኔ እንደሆንኩ አንድም ቀን ጾሜን አልፈታሁም!" ትላለህ። መጀመሪያ ብትውጠው ምን ነበረበት?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር ማገላበጥ ጀመርኩ። የመርከባችሁ ምግብ አብሳይ ሚስት ዳቦ ቤት አግኝታኝ፣ "ባልሽ የኔን ሰውዬ የቁርስ እንቁላል ሲያሞግስ አይጣል ነው አሉ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ባሲልን ታውቀዋለህ። ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጹም ብሎ ያስገደደው የለም። ጎህ ሳይቀድ ለሱሑር ስቀሰቅሰው፣ "አባዬ እኮ ብረት እየጫነ ይጾማል" ብሎ ዓይኑን እያሸ ይነሳል። የሚጾመውም የሚሰግደውም አንተን አይቶ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ብለፈልፍ የአንተን አንዲት ቃል አላህልም።

ቅዳሜ ሰግደን ስንነሳ ትንሿ በልቂስ፣ "እማዬ፣ አባዬ ሲያኝክ አየሁት!" አለች። ባሲል ቀደመኝ።

"አላኘከም! ጥርሱን አሞት ነው።"

"ዳቦ ነው የበላው!"

"አንቺ ሆዳም፣ ላንቺ ሁሉም ነገር ዳቦ ነው! እዚያ ፀሐይ ቶሎ ትገባለች።"

"መስኮቱ ላይ አየኋት እኮ!"

"መብራት ነው! የመርከብ መብራት!"

ቀና ብሎ ሊያየኝ አልፈለገም። ለካ እሱም አይቶሃል።

መንገደኛ ነህ፤ ሥራህም ወገብ ይቆርጣል። ብትፈታ ተፈቅዶልሃል፣ ኋላ ትከፍለዋለህ። ማን ከሰሰህ? ይህንኑ ብትነግረው ኖሮ ልጅህ ሃይማኖቱን በተማረ ነበር። "አንድም ቀን" ማለትን ምን አመጣው? ምናልባት እውነትም ጥርስህን አሞህ ከሆነ ስትመጣ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ግን አይመስለኝም። ተናድጄብሃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ፍርሃቴ ይበልጣል።

ለእኔ መልስ አልፈልግም። ለእሱ ደውልና እውነቱን ንገረው። ልጅህ ጾሙን አልተወም፣ ሙሳዒድ። እየጾመ ስለ አንተ መዋሸት ጀምሯል።

እስክትደውልለት የማልተኛው፣
አርዋ