ዱቡሻው መሐል የተሳለው ካፌ

ልጄ ኢያኤል፣ የሄድሽበት አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጫኖው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ካልሲ ደርበሽ ተኚ።

ለዩኒቨርሲቲ የሠራሽውን የጨንቻውን ዱቡሻ፣ የሽማግሌዎቹን መሰብሰቢያ ሜዳ፣ ንድፍ በኩራት አሳትሜ፣ እሑድ ለሽማግሌዎቹ ላሳይ ይዤ ወጣሁ። አጎትሽ አሞጽ መነጽሩን አድርጎ አየና «ይኼ መሐሉ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ። «ካፌ ነው፤ ዙሪያውን አበባ» አልኩት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ካፌው ያረፈው የተጣላ ሰው የሚታረቅበት፣ ማንም የማያርሰውና የማያጥረው ሜዳ ላይ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የተቆጣኝ የለም። አሞጽ ግን በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ተንበረከከ፤ እንደ አገሩ የይቅርታ ወግ እርጥብ ሳር በሁለት እጁ ይዞ «ልጅቷ ከተማ ነው ያደገችው፤ አላወቀችም» ብሎ ይቅርታ ጠየቀልን። ሽማግሌዎቹም «ዛፎቹን እንዴት አሳምራቸዋለች!» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ከቁጣ ይልቅ ደግነታቸው ባሰብኝ።

በአንቺ አላፈርኩም፣ ልጄ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ ምን ያህል ይርቃል? አንድ ቀን እንኳ ይዤሽ ወጥቼ እዚያ ሜዳ ላይ አላስቀመጥኩሽም። አንቺ ከየት ታውቂው?

እመቤቴ ማርያም ከክፉ ሁሉ ትከልልሽ፤ እጅሽን ትባርክልሽ። ካፌውን አንሺና ንድፉን እንደገና ሥሪልኝ፤ መሐሉን ባዶ ተይው። ስትመጪ አብረን እንወጣለን። የዚያን ቀን ሳሩን የምይዘው እኔ ነኝ።

እናትሽ ልክነሽ