ከዳሱ ሥር የተጠረገው አፈርህ

ስማቸው የኔ ጌታ፣ እንዴት ከርመሃል?

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሰሞኑን ወጣ። የቀበርንህ ዕለት ሰው ሁሉ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ሲል፣ እኔ በልቅሶዬ መሃል «ኧረ ይኼ ሰውዬ ገለባ የሆነ አፈር አይወድም!» ልል ምንም አልቀረኝ። በመዳፍህ ጨብጠህ ሳታየው የገባህበት አፈር ያ ብቻ ነው።

ቤቱ ደኅና ነው። ልጃችን ትዕግሥት ወልዳ አያት አድርጋኛለች። ዳማውን ፈረስህን ወንድምህ ሙሉ ይዞታል፤ ባጃጁ ቢበዛም ድንችና አሸዋ የሚጭን ጋሪ ዳንግላ ላይ ሥራ አይፈታም። ፈረሱ ግን በአገውኛ ስታባብለው ለምዶ እኔ በአማርኛ ብጠራው ጆሮውን እንኳ አያዞርም። አንድ ቀን እንዳንተ ልሞክር ብዬ በአገውኛ ብጠራው፣ የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ይታይሽ ሰምታ «ኧረ ፈረሱን ሰደብሽው!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ አፈርህ ነው።

ይኼን ቦታ ስንይዘው ቀይ ምድር ነበር፤ ሲዘንብ የሚያዳልጥ፣ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ሸክላ የሚሰነጠቅ። አንተ ሰው የቤት መሠረት ሲያስቆፍር አፈሩን በጋሪህ ልታነሣ ትጠራለህ። ከላይ ያለውን ጥቁሩን ለይተህ ወደኛ ታመጣለህ፣ ከሥር የወጣውን ቀዩን ወደ መጣያው። ሴቶቹ «የሰው ባል እህል ጭኖ ይገባል፣ ያንቺ አፈር» ሲሉኝ አኩርፌብህ አውቃለሁ። አንተ ምን ገዶህ! እፍኝ አንሥተህ ትጨብጥና ታሳየኛለህ፤ ሲጨብጡት ተያይዞ፣ በአውራ ጣት ሲነኩት ከተፈረፈረ እሱ ነው አፈር ትለኛለህ። ደግሞም ቀዩን ሳትቆፍር ጥቁሩን አትደፋበትም ነበር፤ ሁለቱ ካልተዋደዱ የተክሉ ሥር ከድንበሩ ላይ ይመለሳል እያልህ። እንዲህ ስትል ስትል ግቢው ጠቆረ፣ ሰፈሩም ጎመን የሚለምነው ከኛ ቤት ሆነ።

የአርባህ ተዝካር ሲደርስ ዳስ መጣል ነበረበት። ግቢያችን ወደ ታች ያዘነብላል፣ አግዳሚ ወንበር አያስቆምም። የእድሩ ሰዎች፣ እግዜር ይስጣቸው፣ የስማቸው እንግዳማ ተንጋዶ አይበላም ብለው በዶማና በአካፋ ደለደሉልኝ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበርሁ፤ ብወጣስ በዚያ ቀን አፈር የሚያይ ምን ዓይን ነበረኝ? ጥቁሩን ሁሉ ጠርገው ከታችኛው አጥር ሥር ገፉት። የዕድሜ ልክ አፈርህን፣ በገዛ ተዝካርህ!

በክረምቱ የዘራሁት ሁሉ እንቢ አለኝ። ጎመኑ ቢጫ፣ ድንቹ ጠጠር፣ ውሃው አልሰርግ ብሎ ላዩ ላይ ተኛ። ቀዩን ባየው እንኳ የሰው እግር ያደነደነው ነው ብዬ አለፍሁት። ሰው «ጓሮውም ባለቤቱን አጥቶ ሐዘን ላይ ነው» ሲለኝ አመንሁ። እጄ አንተን ተከትሎ የሞተ መሰለኝ፣ ስማቸው። ትዕግሥት ብታዝንልኝ «እማዬ፣ ግቢውን በሲሚንቶ ሊሾ እናስደርገውና ዕረፊ» አለችኝ። እሺ አልሁ። አሸዋው መጥቶ ከበሩ ላይ ተራገፈ።

ሊሾው ሳይጀመር ከአጥሩ ሥር ያለውን ሳማ ልመንጥር ብዬ ማጭድ ይዤ ወረድሁ። ሳማ ብቻ እንዳይመስልህ! ከቁመቴ በላይ፣ አረንጓዴው ወደ ጥቁር የሚያደላ። ቆም አልሁ። «ሳማ ባለጌ ናት፣ ድሃ መሬት ላይ ግን አትቀመጥም» የምትላት መጣችልኝ። በማጭዱ ጫፍ ብጭር፣ ጥቁር። ጨበጥሁት፣ ተያያዘ። ነካሁት፣ ተፈረፈረ። እጄ እየተለበለበ እዚያው ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ሳቅሁ። እትዬ ይታይሽ ሳቄ ልቅሶ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች። «ማን ሞተ?» ብትለኝ፣ «ማንም አልሞተ፣ የስማቸው አፈር ተገኘ» ብላት አማተበች።

ያኔውኑ ልመልሰው ነበር፤ እርጥብ አፈር ሲረገጥ ጡብ ይሆናል የምትለው ያዘኝ። ጥቅምት ገብቶ እስኪጠነፍፍ ጠበቅሁ። እነዚያው ዳሱን የጣሉት ሰዎች መጡልኝ። የእድሩ ሊቀመንበር አያ ታምሩማ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ይዞ «ሰውዬውን ሁለት ጊዜ ቀበርነው በይኛ!» አለ። ቀዩን ቆፈሩ፣ ጥቁሩን በዳማው ጋሪ መልሰው አለበሱት። አሸዋውን ከበር እስከ ደጃፍ መንገድ አደረግሁት፤ እንግዳም እኔም በሱ ብቻ እንሄዳለን፣ አፈርህን የሚረግጥ የለም።

ዘንድሮ ብታየው! ጎመኑ ቅጠሉ ትሪ ያህላል፣ ድንቹም ሲማስ ጡጫ ጡጫ ያህል እየሆነ ይወጣል፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጽጌረዳ ተክያለሁ። የልጅ ልጅህም አፈሩን ትቅማለች፤ እናቷ ትቆጣለች፣ እኔ እስቃለሁ። ሲያኮርፉህ ሳትሰለች አፈር ስላገባህልኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስላሳየኸኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ የኔ ጌታ። ባታሳየኝ ኖሮ ዛሬ ሊሾ እጠርግ ነበር።

የሙት ዓመትህ ዳስ ከእንግዲህ ከአጥሩ ውጭ ነው የሚጣለው፤ አያ ታምሩ ራሱ ምሏል። ጥቁሩ እንዳይሳሳም በየዓመቱ የዳማውን ፍግ አብስዬ እጨምርበታለሁ። ሳማዋን ደግሞ ሁሉንም አልነቀልኋትም፣ አንድ እግር ከጥጉ ላይ ትቻታለሁ። ሳልፍ በለበለበችኝ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ።

ያንተዋ አትጠገብ