ከሰባት ወደ አራት የወረደ ሕመም

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሕመም ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ በፊት ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለወገብዎ ብርታት እመኛለሁ። ቀጥሎ የምጽፈውን ለመረዳት አስቀድመው ማወቅ ያለብዎ አንድ ነገር ነው፤ ከፊዚዮቴራፒ ሕክምናው የተሰናበትኩት ሕክምናው ስላልሠራልኝ ሳይሆን ስለሠራልኝ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመው ማንበብ ቢያስፈልግዎ አልቀየምም፤ እኔም ሲነገረኝ ደግመው እንዲነግሩኝ ጠይቄ ነበር።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሕመሜ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል፤ ስቀመጥ ይብስበታል። ጨርሶ እንደማይለቀኝ ሐኪሞችዎ ሳይደብቁ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። እኔም የለመንኳችሁ ቁጭ ብዬ እራት መብላትን እንጂ መዳንን አልነበረም።

ቅሬታዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ በመጠበቂያ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ሥር ለሰደደ ሕመም ያሉትን የሕክምና አማራጮች የሚዘረዝር ያማረ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከሐኪምዎ ጋር ተመካክረው ይምረጡ ይላል። ኪኒኑ ጨጓራዬን አቆሰለው። መርፌው ጥቂት ሳምንት እፎይ አሰኝቶኝ ተወኝ። ቀዶ ሐኪሙ ራጄን አገላብጠው አይተው ቢላዋ እንደማይፈይድልኝ ነገሩኝ። የሥነ ልቦና ምክር መስጫው ክፍል በሩ ሲከፈት ያየ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። የቀረልኝ ፊዚዮቴራፒው ብቻ ነበር። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ያለው የምርጫ ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም፤ ከእናንተ ተማርኩ።

ሁለተኛ፤ ዘወትር ከሕክምናው በፊት ነርሷ ሕመሜን ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር እንድለካ ትጠይቀኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ነጥብ ስሰጥ ስለኖርኩ፣ አሥር የሚባለው ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኋት። «አባባ፣ ዝም ብለው አንድ ቁጥር ይበሉኝ፤ ሰልፉን አያዩትም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ መለኪያውን ራሴ አወጣሁ፤ ባለቤቴ ካልሲዬን ያጠለቀችልኝን ቀን አሥር ብዬ፣ ከዚያ ወደታች እየቆጠርኩ ሰባት አልኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ እጇ ይባረክና፣ ምንጣፍ ላይ አስተኝታ ጉልበቴን ወደ ደረቴ መሳብ፣ ወገቤን ሳላጣምም መነሣት አስተማረችኝ። ወራት አልፈው ሰባቱ አራት ሆነ። አራት ስል ሰነፍ ተማሪው እንዳለፈለት መምህር ደስ ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ ስመጣ ከአምስት በታች ለሆነ ታካሚ ቦታ እንደሌለ ተነግሮኝ በር ላይ ቀረሁ።

ሦስተኛ፤ ምንጣፋችን ጎን ለጎን የነበረው ጡረተኛ ሾፌር አስቀድሞ መክሮኝ ነበር። «መምህር፣ ስምንት ይበሉና ይገላገሉ፤ እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ስምንት ነኝ» ብሎኝ ስቄበት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለስንት ክፍል ተማሪ አስተምሬ፣ በስተርጅና መሻሉን ያልደበቀም እንደማይገኝለት ክፍልዎ አረመኝ። ሾፌሩን አልከስም። ሳይዋሽ እንዲታከም ማን ፈቀደለት?

አራተኛ፤ ይህኛው የቤቴ ጉዳይ ስለሆነ ለመጻፍ አመንትቼ ነበር። ሕመሙ ሲጠናብኝ ከቁም ሣጥኑ ጎን ቆሜ ነበር የምበላው። አራት በነበርኩባቸው ጊዜያት ከባለቤቴ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እራቴን እጨርስ ጀመር፤ እሷም «እንግዳዬ መጣ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ልምምዱን ያለ ባለሙያዋ ብሞክረው አንድ ጠዋት ወገቤ ያዘኝና ወደ ሰባት፣ ወደ ቁም ሣጥኑም ተመለስኩ። ወደ እናንተ ብመጣ እንደ አዲስ ታካሚ ከሰልፉ ጫፍ እንድቆም ተነገረኝ። ሰሞኑን ባለቤቴ ሳህኗን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አንቺ እንኳ ተቀመጪ ብላት፣ «ተቀምጬ ከማን ጋር ላውራ?» አለችኝ። ጉልበቷን እንደሚያማት አውቃለሁ፤ እሷ ግን ስንት እንደሆነ አትነግረኝም። አንድ ታካሚ በማሰናበት ሁለት ለማፍራት በመቻልዎ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ ቦታዬ ይመለስልኝ፣ የተሻለው ሰውም በመሻሉ አይባረር።

በሰጡኝ ትምህርት ሁሉ እጅግ አመስጋኝ የሆንኩ፣ ለመቀመጥ የሚያበቃኝን ውሳኔዎን በአክብሮት ቆሜ የምጠባበቅ፣

ጡረተኛው መምህር

ማስታወሻ፦ ሾፌሩ ሰሞኑን ቤቴ እየመጣ ስምንት ማለትን እያስጠናኝ ነው። ፊቴን ማጨማደድ ችያለሁ፤ ድምፄ ግን ገና እምቢ ይለኛል፤ ባለቤቴም ሰምታኝ ይህ አያሳልፍህም ብላለች። ቢሆንም ሰው ሲቸገር የማይለምደው የለምና፣ ሳልለምደው በፊት ቶሎ መልስ ይስጡኝ።